የቀጥቃጭ እጅ የነካው ሁሉ

አራስ ብቻዋን አትወጣም፤ የግድ ከወጣችም ብረት ሳትይዝ አትወጣም። እማማ በቀለች ይህን ሕግ ከአገር ቤት ይዘው የመጡት ከቅቤው፣ ከማሩና ከገብስ ዱቄቱ ጋር ነው። ላፍቶ ልጃቸው ቤት እንደ ደረሱ፣ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ "ከራስጌዋ ምን አድርጋችኋል?" ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ኢያቄም ሮጦ ከወጥ ቤት የሚያብረቀርቅ ቢላ አምጥቶ አሳያቸው። በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡትና "ይሄ ቆርቆሮ ነው፤ ቡዳ ይስቅበታል" አሉ።

አልጋው ላይ ሕፃን ልጇን ታቅፋ የተጋደመችው ጸደንያ ሳቋን ዋጠች። ጸደንያ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ናት። ወሊድ እረፍት ከመውጣቷ በፊት ለተማሪዎቿ ስታስተምር የነበረው ስለ ብረታ ብረትና ብረት ስላልሆኑ ነገሮች ነበር።

"እማማ፣ እሱም ብረት ነው እኮ። ክሮም ስለተቀላቀለበት ነው የማይዝገው።"

"የማይዝግ ብረት ደግሞ ምኑን ብረት ሆነ?" አሉ እማማ በቀለች፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

በማግስቱ ወተት ከምታመጣላቸው ጎረቤት ከገዲሴ ጋር ነፋስ ስልክ ድረስ ወርደው፣ አስፋልቱ ዳር ከተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ልባቸው የወደደውን ቢላ ገዝተው ተመለሱ። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። "ሽማግሌው በድንጋይ መታ አድርጎ አሰማኝ፤ ድምፁ እንደ ደወል ነው" እያሉ ከትራሷ ሥር ከተቱት። ደጅ በወጣች ቁጥርም እሱኑ ያስይዟት ጀመር። ጸደንያ ብቻዋን ስትሆን አውጥታ አየችው። እጀታውን ከስለቱ ጋር ያሰሩት ምስማሮች የመዳብ ናቸው። ከምስማሮቹ አጠገብ ሦስት አጫጭር ጭረቶች አሉ። እነዚያን ጭረቶች ከፊደል በፊት ነው ያወቀቻቸው። የአባቷ ምልክት ናቸው።

የጸደንያ አባት ጋሽ ማናዬ ቀጥቃጭ ናቸው። ነፋስ ስልክ፣ ዙሪያዋን ቆርቆሮ በሆነች ጠባብ ቤት ውስጥ ወናፍ እያስነፉ፣ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ በከሰል አግለው፣ ቢላና ማጭድ፣ ምሳርና መጥረቢያ ያወጣሉ፤ ራሳቸውም አስፋልት ዳር አንጥፈው ይሸጣሉ። ልጅ ሆና ዓይኗን በእጃቸው ሸፍነው ዕቃ ድንጋይ ላይ እየጣሉ "ይሄስ?" ይሏት ነበር። ብረት ሲሆን ጠንከር ብሎ ይጮኻል። ነሐስ ሲሆን ድምፁ ይቆያል። አሉሚኒየም ልፍስፍስ ነው፤ ቀንድ ደግሞ ቋ ብሎ ይቀራል። አንድም ስታ አታውቅም ነበር። ሰፈርተኛው ማጭድ ሊያሠራ ሲመጣ ደጅ ቆሞ ነው የሚነጋገረው። እናቶች በዚያ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ጸደንያ ከጭሱ የሚከልሏቸው ይመስላት ነበር፤ ነገሩ የገባት ትምህርት ቤት ገብታ፣ አንዷ ልጅ "እናቴ ካንቺ ጋር እንዳልበላ ብላኛለች" ያለቻት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ ንዴት አለ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ኢያቄም ሲያገባት ሁሉን አውቆ ነው። ለእናቱ ግን "አባቷ ጋራዥ አላቸው" ብሎ ነገራቸው። ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ሲጋቡ እማማ በቀለች አገር ቤት የታመመ ባል ያስታምሙ ስለነበር ከጸደንያ አባት ጋር አልተያዩም። ጸደንያም ጊዜው ሲደርስ ይነገራቸዋል ብላ ዝም አለች።

ጊዜው ሳይነገር ደረሰ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ማናዬ ፊታቸውን ተላጭተው፣ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ በፌስታል ብርቱካንና ስኳር አንጠልጥለው የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጡ። በሩን የከፈቱላቸው እማማ በቀለች ናቸው።

"ውይ፣ ቤቱን በምን አወቁት? ዛሬስ አንገዛም" አሏቸው። "ያኛው ደህና ነው፣ አሁንም እንደተሳለ ነው።"

"ልሸጥ አይደለም የመጣሁት። የጸደንያ አባት ነኝ።"

ጸደንያ ከጓዳ አልጋዋ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። ቀጥሎ እማማ በቀለች እየተጣደፉ ገቡ። ሕፃኑን ከጎኗ አንሥተው በነጠላቸው ከግንባሩ እስከ እግሩ ጠቀለሉት። የጓዳውን በር በጀርባቸው ገፍተው ዘጉና፣ በተዘጋው በር በኩል "ልጁ ተኝቷል!" አሉ። ልጁ አልተኛም፤ ነጠላው ውስጥ እየተወራጨ ነበር።

"ይተኛ፣ ይተኛ" የሚል የአባቷ ድምፅ መጣ። "ሕፃን ሲያድግ በእንቅልፍ ነው።"

ጸደንያ ተነሥታ፣ አማቷን ገፋ አድርጋ፣ እስክትወጣ ጋሽ ማናዬ የውጭው በር ደርሰው ነበር። ፌስታሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። "አባዬ!" ስትላቸው ዞር አሉ። የተቃጠሉ እጆቻቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተዋል። "ግቢ ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታሽ" አሏትና ሄዱ።

ማታ እራት ላይ ማንም አልበላም።

"ክርስትናው ላይ እንዳይመጣ" አሉ እማማ በቀለች። "ከዚያ በኋላ እንኳ እናያለን። አሁን ግን ልጁ ገና ሥጋው አልጠናም።"

"ምን ያደርገዋል?" አለች ጸደንያ።

"ዓይኑ ነዋ!"

"ያ ዓይን እኔን ሲያየኝ ነው ያደግሁት። በላኝ?"

"አንቺማ የራሱ ነሽ።"

"ልጄስ? የእኔ አይደለም?"

እማማ በቀለች ይህን አላሰቡበትም ነበር። የሚወዱት የልጅ ልጃቸው ደም ግማሹ ከወናፉ ሥር እንደመጣ ገና አሁን ነው ልባቸው ላይ የደረሰው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ጸደንያ ይህን ታውቃለች። ከመጡ ጀምሮ ወገቧን በቅቤ ያሹት፣ ገንፎውን በእጃቸው ያጎረሷት፣ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ከእሷ ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ናቸው። የሚያናድደውም ይኼ ነው። ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር።

ኢያቄም በመሀል ጉሮሮውን ጠረገ። "ክርስትናው ይለፍና ቀስ ብለን..."

"ቀስ ተብሎ ተብሎ ነው ጋራዥ የሆነው!" አለችው። ኢያቄም ሳህኑን ማየት ጀመረ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ቀኑም ገብርኤል። እማማ በቀለች ማልደው ሊሳለሙ ብስራተ ገብርኤል ሄዱ። የታክሲው ድምፅ ከመራቁ ጸደንያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ኢያቄምን ቀሰቀሰችው።

"ተነሥ። የቀጥቃጭ እጅ የነካው ሁሉ ከዚህ ቤት ይውጣ።"

"ምን?"

"ሰምተሃል። እኔ ከባድ ማንሣት አልችልም፤ አራስ ነኝ።"

ኢያቄም መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለው። ፊቷን ሲያይ ግን ሸሚዙን እንኳ በቅጡ ሳይቆልፍ ተነሣ። ድስቶቹ ወጡ። መጥበሻው፣ ማንቆርቆሪያው፣ የከሰል ምድጃው፣ ካውያው፣ መቀሱ፣ ማንኪያውና ሹካው ወጡ። ያ ቡዳ ይስቅበታል የተባለው ቢላ ወጣ። ዘነዘናው ወጣ፤ ሙቀጫው እንጨት ስለሆነ ቀረ። እማማ በቀለች የሚተኙበት የሽቦ አልጋ ተፈታታ ወጣና ፍራሹ መሬት ላይ ቀረ። መርፌ ከነመጠቅለያው፣ ምላጭ ከነወረቀቱ፣ ቁልፍ ከነጓጉንቸሩ ወጣ። ከዚያ ጸደንያ ራሷ ቆጣሪው ጋ ሄዳ ፊውዙን ነቀለች።

"መብራቱ ምን አደረገሽ?" አለ ኢያቄም፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

"በምን ላይ ተሳፍሮ የሚመጣ ይመስልሃል? በመዳብ ነው። ጣሪያውንም ስለማትደርስበት ነው የተውኩት።"

ከጣሪያውና ከልጁ ራስጌ ካለው ቢላ በቀር ቤቱ ውስጥ የቀረው ብረት ያልሆነው ብቻ ነው። የሸክላ ድስት፣ ጀበና፣ ብርጭቆ፣ የፕላስቲክ ጆግ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ጨው፣ ከሰል፣ አንድ ፓኬት ክብሪት። ጸደንያ ለተማሪዎቿ በቃል የምታስተምረው ትምህርት እንዲህ ቁልጭ ብሎ በሁለት ተከፍሎ አይታው አታውቅም። ግቢው መሀል የተቆለለው ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ቤት የቀረው ዝም ብሏል።

ወተት ይዛ የመጣችው ገዲሴ ክምሩን ስታይ ደነገጠች። "ልትለቁ ነው እንዴ? ሳትነግሩኝ!"

"አንለቅም፤ ቁጭ በይና እይ" አለቻት ጸደንያ።

እማማ በቀለች ሲመለሱ የራሳቸውን አልጋ ደጅ ቆሞ አገኙት። ክምሩን ዞሩት። ሁለት ጊዜ አማተቡ።

"ሌባ ነው?"

"እኔ ነኝ እማማ። የቀጥቃጭ ዓይን ለልጁ የሚያሰጋ ከሆነ እጁማ ይብሳል። እጁ የነካውን በሙሉ አውጥቼልዎታለሁ።"

"ይሄ የፋብሪካ ነው!" አሉ ድስቱን በእግራቸው ነካ አድርገው።

"ፋብሪካ ማለት ትልቅ ቀጥቃጭ ነው። አግሎ፣ አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ ነው የሚሠራው። ከቤቱ ስፋት በቀር ከአባዬ በምን ይለያል?"

እማማ በቀለች እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። ነጠላቸውን አጥብቀው አደገደጉ። "እኔን በዚህ ልታሸንፊኝ? እኔ በሸክላ ድስት በልቼ ነው ያደግሁት!" አሉ። ሦስት ድንጋይ ጎለቱ፣ ከሰሉን ከመሩ፣ ክብሪት ጫሩ፣ የሸክላውን ድስት ጣዱ። ቢላ የለምና ሽንኩርቱን በድንጋይ ፈጠፈጡት። ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ ድል ያደረገ ሰው ፊት አሳይተው፣ በእንጨት ማማሰያ ማማሰል ጀመሩ። ገዲሴ በርጩማዋን አስጠጋች፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም። ጸደንያም በልቧ አደነቀቻቸው፤ እልኸኛ ሰው ትወዳለች። ግን አልራራችላቸውም።

"እማማ" አለች፤ "ድስቷን የሠራቻትስ? አገር ቤት ሸክላ ሠሪዋን ምን ነበር የምትሏት?"

ማማሰያው ቆመ።

"ነጠላዎን የሸመነውንስ ምን ነው የምትሉት? ድስቷንም ላውጣት?"

ወጡ ከሥር ማረር ጀምሮ ነበር። ጸደንያም መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ጓዳ ገብታ ከልጇ ራስጌ ያንን ጥቁር ቢላ አወጣችና ወደ ክምሩ ይዛው ሄደች። ይህን ጊዜ እማማ በቀለች ከጉልቻው ሥር ብድግ አሉ።

"እሱን አትንኪ!"

"ለምን?"

"ያለ ብረት ልታድሪ? አራስ ነሽ እኮ! የልጁስ ነገር?"

"ከማን ነው የሚጠብቀን?"

"ከቡዳ ነዋ!"

"የሠራውስ ማን ነው?"

ገዲሴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጸደንያ ቢላውን በእጀታው ይዛ፣ ሦስቱን ጭረቶች አሳየቻቸው። "ይሄ የአባዬ ምልክት ነው። በሽማግሌው እጅ ነው የገዙት፤ ራስዎ ነዎት ወደው፣ ድምፁን ሰምተው የመረጡት። ስለ ብረት የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ሲመቱት ይጮኻል፣ ሲረጥብ ይዝጋል። ቡዳ ይመልሳል የሚል ነገር አስተምሬ አላውቅም። እርስዎ ግን ይመልሳል ካሉ ይሁን። ልጄን የሚጠብቅ ብረት የሠራ እጅ ልጄን አይጎዳም። ይጎዳል ካሉ ደግሞ ብረቱም ይውጣ። አንዱን ይምረጡ። ሁለቱን መያዝ አይቻልም!"

እማማ በቀለች ቢላውን ከእጇ ነጠቁ። ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት፤ ወደ ክምሩ አልጣሉት፣ ወደ ቤት አልመለሱት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እኛስ ብንሆን" አለች ገዲሴ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ማጭዳችንን በሙሉ የሠሩልን እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ላይ ቆመን እንገዛለን እንጂ አንድ ቀን ገብተን አናውቅም።"

ጸደንያ ወደ ባሏ ዞረች። "ይሄ ዕቃ ወደ ቤት የሚገባው አባዬ ሲገባ ነው። ሂድ ጥራው።"

ኢያቄም እናቱን አየ። ሚስቱን አየ። ከዚያ ኮቱን አነሣና ወጣ። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያን ሰዓት ወዳው አታውቅም።

የሆነ ሆኖ ኢያቄም ኢያቄም ነው፤ እዚያ ሲደርስ ምላሱ ተሳሰረና "ቤት ይፈልጉዎታል" ብቻ ብሎ አመጣቸው። ጋሽ ማናዬ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ የዕቃ ከረጢታቸውን በትከሻቸው አንግተው ግቢ ገቡ። ክምሩን አዩት። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ማንቆርቆሪያውን አነሡና እጀታውን ወዝወዝ አድርገው ሞከሩት፤ ላልቷል። ከከረጢታቸው ትንሿን መዶሻ አውጥተው ቀጭ ቀጭ ያደርጉት ጀመር።

ጸደንያ ድምፁን ሰምታ ስትወጣ ድስቶቹን ለይተው፣ የሚጠገነውን በአንድ ወገን ደርድረው ነበር።

"አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?"

ቀና አሉ። "ለጥገና አይደል እንዴ የጠራችሁኝ?"

ጸደንያ እንባዋን መያዝ አቃታት። ስትወጣ ስትወርድ የዋለችበት ጉልበት ሁሉ በዚህች ጥያቄ ከዳት። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ቤት የተጠሩት ለሥራ ነው። ወንበር ተስቦ "ይቀመጡ" መባልን ስላላወቁት፣ የገዛ ልጃቸው ቤት ተጠርተው እንኳ ደጅ ቁጢጥ ብለው መዶሻ አወጡ። የአማቷ ነጠላ እንኳ እንዲህ አላቆሰላትም።

"እንግዳ ነህ አባዬ" አለች እያለቀሰች። "አያት ነህ! የልጅ ልጅህን ልታይ ነው የጠራሁህ።"

ጋሽ ማናዬ መዶሻውን መሬት አስቀመጡ። ወደ ቤቱ በር ተመለከቱና አቀረቀሩ። "ተይ ልጄ። ሕፃን ነው፤ ነገ ቢያስነጥሰው በእኔ ነው የሚሳበበው። ያንን ጉድ ልጁ ላይ አላመጣም። ከሩቅ ይበቃኛል።"

"ለእኔ አይበቃኝም!" ብላ ጮኸች። ጎረቤት ቢሰማ ግድ አልነበራትም፤ እንዲያውም ይስማ።

እማማ በቀለች በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደ መጡ ማንም አላየም። የሰውየውን ቁጢጥ ማለት፣ የድስቶቹን ድርድር፣ "ለጥገና አይደል" ያሉትን ሁሉ አይተዋል፣ ሰምተዋል። ቢላውን እስካሁን አልለቀቁትም፤ ከመያዛቸው ብዛት የቀንዱ እጀታ በላብ ወዝቷል። ቀስ እያሉ ግቢውን አቋርጠው ከጋሽ ማናዬ ፊት ቆሙ። ይቅርታ አልጠየቁም። እንዲህ ዓይነት ነገር ከአፋቸው በቀላሉ አይወጣም።

ቢላውን ገልብጠው፣ ስለቱን ወደ ራሳቸው፣ እጀታውን ወደ ጋሽ ማናዬ አድርገው ዘረጉላቸው።

"የሠሩት እርስዎ ነዎት" አሉ። "ከልጁ ራስጌ የሚያኖሩትም እርስዎ ነዎት። ሥራዎን ይጨርሱ።"

ጋሽ ማናዬ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረጉ። ቢላውን ተቀበሉ። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ ከልጃቸው ኋላ ኋላ እየተራመዱ ወደ ጓዳ ገቡ። በጭፍን እየዳበሱ ትራሱን ፈልገው ቢላውን ከሥሩ ከተቱና ሊመለሱ ዞሩ። ጸደንያ በሩ ላይ ቆማለች። አላሳለፈቻቸውም።

"ቀና በል" አለቻቸው። "እየው።"

"ጸዲ..."

"እየው አባዬ። ደህና አድርገህ እየው።"

ጋሽ ማናዬ ቀና አሉ። ሕፃኑ ነቅቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ምንም ጨርቅ የለም። እሳት ሲያይ የኖረው የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። ያ በከሰልና በፍንጣሪ የጠቆረ ትልቅ ጣት ቀስ ብሎ ተዘረጋ፤ ልጁም ጥርቅም አድርጎ ያዘው፣ አልለቅም አለ።

ውጭ ገዲሴና ኢያቄም ድስቶቹን ማስገባት ጀምረዋል። እማማ በቀለች "ማንቆርቆሪያውን ተዉት፣ እጀታውን አልጨረሰውም" ሲሉ ይሰማል።

ጸደንያ በሩን ተደግፋ አባቷንና ልጇን ታያለች። ሕፃን ነው፤ ነገ ማስነጠሱ አይቀርም። ሰፈሩም የማን ዓይን ነው እንደሚል ታውቃለች። ይበል። እሷም እዚሁ አለች፤ ዕቃውን ሁሉ ደጅ የማውጣት ጉልበት አሁንም አላት።